ሰዓትና ፀሐይ በሸዋ ቤንች

በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ከንጋት ይነሣል። 1 ሰዓት የሚባለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት ሲፈጸም ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓትና ሠርክ ጸሎትን በዚሁ የፀሐይ ጉዞ ይከፍሉታል። ሸዋ ቤንች ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለሆነም ልማዱ ለአገሩ የተስማማ ነው።

የመኪና ሰዓት ግን አገሩን ሁሉ በምሥራቅ 45ኛው ዲግሪ መሥመር አስተካከለ። ሸዋ ቤንች ከዚህ መሥመር 9 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይርቃል፤ ለአንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ሲታሰብ፣ ፀሐዩ በአማካይ ከሰዓቱ 36 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ይህ የቁጥር ነገር ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ደ ሜራን በ1729 እ.ኤ.አ. በጨለማ የተቀመጠ ተክል ቅጠሉን በወቅቱ ሲዘረጋና ሲያጥፍ ተመለከተ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብርሃንን መምጣት በአንጎል ውስጥ ላለው ሰዓት የሚያስታውቁ የዓይን ሕዋሳት ተገለጡ። የጧት ብርሃን ይህን ሰዓት ያስቀድመዋል፤ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል፣ ቀንም ንቃት ይጸናል። የማታ መብራት ግን ያዘገየዋል። የአገሩ ቡናም ድካምን ለጊዜው ይጋርዳል እንጂ የጧትን ፀሐይ አይተካም።

በሐረር ፀሐይ ከሸዋ ቤንች ከ20 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ይወጣል። እንግዲህ በሁለቱም አገር ደወሉ በአንድ ሰዓት ቢደወል፣ የምዕራቡ ተማሪ አካሉ ገና ሳይነጋለት ይነሣል። የቀድሞው አቆጣጠር ለየአገሩ የራሱን ንጋት ትቶለት ነበር።