ጉንጭ ያሳሳተው ምደባ፦ የአፍሪካ ባለኮሮጆ አይጦች

ከሰሃራ በስተደቡብ የሚኖሩት ባለኮሮጆ አይጦች ስማቸውን ያገኙት በጉንጫቸው ውስጥ ካለው ከረጢት ነው። ከረጢቱ ካንጋሮ ግልገሏን ከምታሳድግበት ኪስ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ አፉ ወደ አፍ ውስጥ የሚከፈት የጥሬና የፍራፍሬ ማጓጓዣ ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ የሚበላ አይጥ ለጉጉትና ለእባብ ሲሳይ ይሆናል። ስለዚህ ያገኘውን ጉንጩ ውስጥ አጭቆ ይሮጥና ጉድጓዱ ሲደርስ በፊት እግሮቹ እየገፋ ያራግፈዋል። ለኑሮ እንዲህ የጠቀመው አካል ለምደባ ግን ክፉ ምስክር ነበር።

እንግሊዛዊው ጆርጅ ዋተርሃውስ እ.ኤ.አ. በ1840 ከጋምቢያ የመጣውን ግዙፍ አይጥ ሲገልጽ የወገኑን ስም ከሃምስተር አውጥቶ ክሪሴቶሚስ አለው። ሃምስተርም ጉንጯን ትሞላለችና ስያሜው ምክንያት አለው። ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ደግሞ የመንጋጋ ጥርስ ጉብታዎችን መርምረው እንስሳውን ከተራዎቹ አይጦች ጎራ ከተቱት። አንዱ ወገን ጉንጭን፣ ሌላው ጥርስን ይዞ ብዙ አሥርት ዓመታት ተቆጠሩ። ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር፤ የሳቱት ከአንድ አካል ተነስቶ ዘር መቁጠር የሚቻል መስሏቸው ነው። ተመሳሳይ ኑሮ በማይዛመዱ እንስሳት ላይ ተመሳሳይ አካል ያበቅላል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዘረመል ንጽጽር ሲበዛ መልሱ ከሁለቱም ጎራ ውጭ ሆነ። ባለኮሮጆዎቹ ኔሶሚዴ የሚባል አስተኔ አባላት ናቸው፤ የቅርብ ዘመዶቻቸውም የማዳጋስካር አይጦችና በሣርና በቁጥቋጦ ላይ የሚንጠላጠሉት ትናንሾቹ የአፍሪካ አይጦች ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ዴንድሮመስ ሎቫቲ የተባለው አይጥ ከእነዚህ አንዱ ነው። በመዳፍ የሚያዝ ይህ ደገኛ ከነጅራቱ 90 ሴንቲ ሜትር ለሚደርሰው ግዙፍ አይጥ ዘመዱ ነው ቢሉት ማን ያምናል!

በአስተኔው ውስጥ ባለኮሮጆዎቹ የራሳቸው ንዑስ አስተኔ አላቸው፤ ሦስት ወገኖችም ይዟል፦ ክሪሴቶሚስ፣ ቢሚስና ሳኮስቶመስ። ለዝምድናቸው ያልተጠበቀ ምስክር የሰጠው በጸጉራቸው ውስጥ የሚኖር ነፍሳት ነው። ክንፍና ዓይን የሌላቸው፣ እንቁላል ሳይጥሉ የሚወልዱ የሄሚመሪዴ አስተኔ ነፍሳት አንዱ ወገን በክሪሴቶሚስ፣ ሌላው በቢሚስ ገላ ላይ ይኖራል።

ቢሚስ በምሥራቅ አፍሪካ ደኖች የሚኖር፣ ረጅም ጅራት ያለው ትንሽ አይጥ ነው። ሳኮስቶመስ ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ድቡልቡል፣ ጅራተ አጭርና ዝግተኛ ሲሆን፣ ሳኮስቶመስ ሜርንሲ የተባለው ዝርያ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላም ይገኛል። በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖረው ወንድሙ ብርድና ረሃብ ሲበረታ የሰውነቱን ሙቀት ለጥቂት ሰዓታት አውርዶ ጉልበት ይቆጥባል። በኬንያ ላይኪፒያ ትልልቅ ሣር በል እንስሳት እንዳይገቡ በታጠረ መሬት ላይ በተደረገ ጥናት የሜርንሲ ብዛት ከአጥሩ ውጭ ካለው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ዝሆኑና የቀንድ ከብቱ ሲርቁ መኖው ለአይጡ ተረፈ ማለት ነው፤ ለአርብቶ አደር አካባቢዎቻችንም ሊታሰብበት የሚገባ ውጤት ይመስለኛል።

ዋናው ጭቅጭቅ ያለው በክሪሴቶሚስ ላይ ነው። በ1967 የወጣ ጥናት ወገኑን በሁለት ዝርያ ጠቀለለው፦ ሸካራ ጸጉር ያለው የሣር ምድሩ ጋምቢያነስና ሆዱ ጥርት ብሎ የነጣው የደኑ ኤሚኒ። የ2005 ዝርዝር አንሶርጌንና ኪቩኤንሲስን ጨምሮ አራት አደረሳቸው። በ2012 የወጣው የዘረመልና የራስ ቅል ልኬት ጥናት ደግሞ አራቱም እንደማይበቁ አሳየ።

ይህ የቤተ መዘክር ሙግት ብቻ እንዳይመስል፣ አፖፖ የተባለውን ድርጅት እንመልከት። በ1997 ተመሥርቶ በታንዛኒያ ሞሮጎሮ፣ በሶኮይኔ የግብርና ዩኒቨርሲቲ አይጦችን ፈንጂ በማሽተት እንዲያገኙ ያሠለጥናል። የአይጦቹ ዓይን ደካማ፣ አፍንጫቸው ግን ድንቅ ነው፤ ክብደታቸውም ከአንድ ኪሎ ብዙ ስለማይበልጥ የረገጡት ፈንጂ አይፈነዳም። በካምቦዲያ ከ70 በላይ የተቀበሩ ፈንጂዎችን ያገኘው ማጋዋ በ2020 ከብሪታንያ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ሌሎቹ አክታ እያሸተቱ የሳንባ ነቀርሳን ይለያሉ፤ በአዲስ አበባም ሥራው ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ይካሄዳል። በቀደሙት ጽሑፎች እነዚህ አይጦች ጋምቢያነስ ተብለው ተመዝግበዋል፤ የዛሬው ምደባ ግን አንሶርጌ ይላቸዋል። እንግዲህ የምዕራብ አፍሪካውን እንስሳ የዕድሜ፣ የመራቢያ ወይም የበሽታ መረጃ ወስዶ ለሞሮጎሮው አይጥ መደበኛ መለኪያ ያደረገ አንባቢ የሌላ ዝርያ ልክ ይዟል።

በበሽታ ጉዳይ ስህተቱ ይከብዳል። በ2003 ከጋና ወደ ቴክሳስ የተላኩ ቆርጣሚ እንስሳት የዝንጀሮ ፈንጣጣን ይዘው ገቡ፤ ግዙፍ አይጦችም አብረው ነበሩ። ቫይረሱ አጠገባቸው ወደተቀመጡ ፕሬሪ ዶግ የሚባሉ ሌሎች ቆርጣሚዎች፣ ከዚያም ወደ ሰው ተሻግሮ 47 የተረጋገጡና የተገመቱ ሕሙማን ተመዘገቡ። በዚያው ዓመት አሜሪካ የአፍሪካ ቆርጣሚ እንስሳት ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከለከለች። ክልከላው በዝርያ ሳይሆን በአህጉር መጣሉ አስተዋይነት ነበር፤ ዝርያን ብቻ እየጠቀሰ ቢሆን ኖሮ የምደባው ስም በተለወጠ ቁጥር ሕጉም አብሮ መታረም ነበረበት።