ዋሽንት፣ ከእረኛ እስከ ኦርኬስትራ

ሸምበቆ፣ አራት የጣት ቀዳዳዎች

ዋሽንት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የበግ እረኛ ጓደኛ ነው። ሁለት ጫፉ ክፍት ሆኖ፣ ነፊው የላይኛውን አፍ ዘንበል አድርጎ ከንፈሩ ላይ ያስደግፍና ትንፋሹን በጠርዙ ላይ ይሰነጥቃል። ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ እንደ ክራር ጅማት ጠበቅ ወይም ላላ ተደርጎ አይቃኝም። ስለዚህ የሠለጠነ ዋሽንተኛ ርዝመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶች ይይዛል፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ እሱም ሸምበቆውን ይቀይራል።

ይህን የእረኛ ዜማ ወደ ኦርኬስትራ ካሻገሩት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ አሸናፊ ከበደ ነው (1938–1998 እ.ኤ.አ.)። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደረሰው «እረኛው ዋሽንተኛ» የዋሽንቱን ድርሻ ለፍሉት ይሰጣል። ሥራው ሲምፎኒ አይባልም። የሃይድንና የሞዛርት ዘመን ሲምፎኒ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል ያለው ሆኖ ባለ ሰባት ድምፅ ስኬል ላይ ይቆማል፤ የአሸናፊ ዜማ ግን መሠረቱ ባለ አምስት ድምፁ የአገር ቤት ቅኝት ነው። ፍሉት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የሸምበቆውን ሻካራ ትንፋሽ ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም። አሸናፊ በዚህ መንገዱ «የኢትዮጵያ ኮዳይ» የሚል ስም አትርፏል፤ ዞልታን ኮዳይ የአገሩን ገበሬዎች ዜማ እየሰበሰበ ለኦርኬስትራ የጻፈ የሃንጋሪ የሙዚቃ ደራሲ ነበር።