የሽያጭ ቃል በሰቆጣ ገበያ

ሰቆጣ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። በአፋር ቆላ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው ትግራይን አቋርጦ የዋግን ዳገት ይወጣና ከሰቆጣ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይበተን ነበር። አሞሌ ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደመሰከረው፣ ጨው ከሚቆረጥበት በራቀ ቁጥር ለአንድ መጠን ወርቅ የሚሰጠው አሞሌ ቁጥሩ ያንስ ነበር። ስለዚህ ሻጭ «ይህን ያህል አሞሌ» ሲል የትኛው ገበያ ላይ እንደቆመ ካልታወቀ ዋጋው አይታወቅም ነበር። «ሙሉ አሞሌ» ማለትም ጠርዙ ያልተሸረፈ ማለት ነበር፤ የስባሪው ዋጋ ያንስ ነበር። አሞሌው በልጥ የሚታሰረውም እንዳይሸረፍ ነበር።

የማሪያ ቴሬዛ ብር ሲገባም ጥንቃቄው አልቀረም። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥር፣ ያለቀውንም ይመልስ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ቃል የሚከብደው በከብት ተራ ነው። ገዢ የበሬውን ከንፈር ገልጦ የታች ጥርሱን ያያል። «ሁለት ጥርስ» የተባለው ሁለቱን የወተት ጥርሶች የለወጠ ወይፈን ነው፤ «ጥርሱን ጨርሷል» ከተባለ ስምንቱንም ለውጧል፣ ለእርሻ ደርሷል ማለት ነው። ዕድሜን በወረቀት የሚያስረዳ በሌለበት አገር ይህ አነጋገር ከማንኛውም ሰነድ ይበልጥ የታመነ ነበር፤ ገዢው ራሱ አይቶ ያረጋግጠዋልና። ጥርስ የማይናገረው ግን አለ፤ ከብቱ የተሰረቀ ቢሆንስ? ለዚህ ሻጭ «የቤቴ ውላጅ ነው» ብሎ ብቻ አይለቀቅም፤ ዋስ ይጠራል። ባለቤት ነኝ የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ ዋሱ ሻጩን ያቀርባል፣ ካልቻለ ራሱ ይከፍላል።

«ቀብድ ተይዟል» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላውን ገዢ ያርቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ልማድ በቁጥር 1883 እስከ 1885 አስፍሮታል፦ ቀብድ የውሉ መኖር ማስረጃ ነው፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ዛሬ በቤትና በመኪና ማስታወቂያ ላይ «ዋጋ በድርድር» የሚል ሻጭ የጠራው የመነሻ ዋጋ መሆኑን ይናገራል፤ «ቁርጥ ዋጋ» የሚለው ክርክር አይቀበልም። ቀብድ የሚከፈለው ግን በሁለቱም ዘንድ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ነው።