የአፈር መለኪያው ጽናትና የቢቸና–ሞጣ ምድር

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ፣ የጮቄን ተራራ በስተ ምዕራብ ትቶ፣ በክረምት የሚያብጠውንና በበጋ የሚሰነጠቀውን ጥቁር አፈር ያቋርጣል። ለጤፍ የተመሰገነው ይህ አፈር ለመንገድ ሠሪ ዕዳ ነው። ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይወጣና በተመረጠ አፈር ይተካል፤ ሙሌቱ በሚገባ መጠቅጠቁን የሚፈርደውም አንድ ቁጥር ነው።

ራልፍ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1933 ሥራውን በሎስ አንጀለስ ካወጣ ወዲህ፣ የመስኩ ደረቅ እፍጋት በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ እፍጋት ጋር ይነጻጸራል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. በተቋቋመበት ዘመን በሙያው የታወቀው ዘዴ ጉድጓድ መቆፈር፣ የወጣውን አፈር መመዘንና በምድጃ ማድረቅ፣ የጉድጓዱንም ይዘት በአሸዋ መለካት ነበር። ውጤቱ እስኪደርስ ሮለሩ ይቆማል፤ ወይም፣ ይህም ይብሳል፣ ሳይጠበቅ ሌላ ንብርብር ይደረባል።

እ.ኤ.አ. በ1950 ቤልቸር፣ ከይከንዳልና ሳክ የተባሉ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እፍጋትን በጋማ ጨረር፣ እርጥበትን በኒውትሮን የመለካት ጥናታቸውን አሳተሙ። በኋላ የተስፋፋው መሣሪያ ሲዚየም 137 እና አሜሪሲየም 241–ቤሪሊየም ይይዛል፤ ለአንድ ንባብም ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ነገር ግን ምንጩ ሳያቋርጥ ይደክማል። የሲዚየም ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ስለሆነ በዓመት 2.3 በመቶ፣ በ10 ዓመት 20 በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል፤ የአሜሪሲየም ግማሽ ዕድሜ ግን 432 ዓመት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሥራ በሚውልበት ቀን ሁሉ አስቀድሞ በፖሊኢትሊን መመሳከሪያ ብሎክ ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የመስኩ ቆጠራም ለዚያ ይካፈላል፤ የምንጩ ድካም በዚህ ይጣፋል። የዕለቱ ቆጠራ ከቀደሙት 4 ቆጠራዎች አማካይ በእፍጋት ከ1 በመቶ፣ በእርጥበት ከ2 በመቶ በላይ ከራቀ ቆጠራው ይደገማል፤ እንደገና ከራቀ መሣሪያው ይመረመራል። በዓመታት መዝገብ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ መስመር የተፈጥሮ ነው፤ በድንገት የሚዘል ግን የመቁጠሪያው ቱቦ ወይም የኤሌክትሮኒክሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ከአንድ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ሲዛወር ደብተሩ ካልተከተለው ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ብሎኩ ደግሞ ስለ ጎጃም አፈር የሚናገረው ነገር የለም። ተተኪው ቀይ አፈርም ሸክላ ነው፤ በማዕድኑ ውስጥ የታሰረውና በ110 ዲግሪ ምድጃ የማይወጣው ሃይድሮጅን ለኒውትሮኑ ውሃ መስሎ ይታየዋል። እርጥበቱ ከፍ ብሎ ሲነበብ ደረቁ እፍጋት ዝቅ ይላል፤ ደኅና የተጠቀጠቀ ሙሌትም በከንቱ ይፈርሳል። አፈር የሚወሰድበት ስፍራ በተለወጠ ቁጥር ማስተካከያው ከምድጃ ናሙና እንደ አዲስ መውጣት የሚገባው ለዚህ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የጨረር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79 ሲወጣ እንዲህ ያሉ ምንጮች በሕግ ቁጥጥር ሥር ገቡ። ይህ ቁጥጥር የሠራተኛውንና የሕዝቡን ደኅንነት የሚመለከት ነው፤ የንባቡ እውነተኛነት ግን ለመስኩ ላቦራቶሪ ባለሙያ የተተወ ነው።