ከጨረታ ይልቅ ግልባጭ

ብርቅ የሳይንስ መጻሕፍት በጨረታ መሸጣቸው ዕውቀትን ያድናል የሚል ሰው የሸዋ መናገሻ የነበረችውን የአንኮበርን ታሪክ ቢመረምር ይበጀዋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ የቆየው ሚስዮናዊ ክራፍ የግዕዝ መጻሕፍትን እያፈላለገ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። አንዱ ዓመቱን 364 ቀን አድርጎ የሚቆጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ጀርመን፣ ቱቢንገን የደረሰው ግን ጥንታዊው ብራና ሳይሆን ክራፍ ያስገለበጠው ቅጂ ነበር፤ ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ዲልማን መጽሐፉን ወደ ጀርመንኛ የመለሰው ከዚያው ነው። ግልባጭ ስሕተት አያጣም ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ስሕተት በሌላ ቅጂ ይታረማል። ዲልማንም በ1859 የግዕዙን ንባብ ሲያሳትም ሁለተኛ ቅጂ አስተያይቷል።

በ1868 ግን የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ አምባ የዘረፈውን ደላንታ ላይ በጨረታ ሸጠ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። «ባይወሰዱ እሳትና ምስጥ ይፈጃቸው ነበር» የሚለው መከራከሪያ ስለ አደጋው ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን መውሰድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሸዋና በሌሎችም አካባቢዎች በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ከባለቤቶቻቸው ሳይነጠቁ በማይክሮፊልም ተቀድተዋል። ጨረታ መጽሐፉን ለአንድ ገዢ ሲያስረክብ፣ ግልባጭ ለደብሩም ለተመራማሪውም ያዳርሰዋል።