ኔትስኬፕ እንዴት ሞተ?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1995 ኔትስኬፕ የተባለ ገና ትርፋማ ያልሆነ ኩባንያ አክሲዮኑን በ28 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ። የዕለቱ ገበያ ሲዘጋ ዋጋው ከ58 ዶላር በላይ ነበር። በእጁ የነበረው ዋና ምርት ናቪጌተር የሚባል ብሮውዘር ነው።

የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ ግን ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ለኃላፊዎቹ በጻፈው ማስታወሻ ኔትስኬፕን በስም ጠርቶ አስጠንቅቋል። ስጋቱ ለብሮውዘሩ ገበያ ብቻ አልነበረም። ፕሮግራሞች በብሮውዘር በኩል መሥራት ከጀመሩ፣ ከሥር ዊንዶውስ ኖረ አልኖረ ማን ግድ ይሰጠዋል?

የማይክሮሶፍትን ጡንቻ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኩባንያው ከኮምፒውተር አምራቾች ጋር ሲዋዋል፣ ክፍያውን ያሰላ የነበረው ሶፍትዌሩ በተጫነባቸው ማሽኖች ብዛት አልነበረም። ፋብሪካው በሸጠው ማሽን ሁሉ ነበር። አምራቹ የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር ቢጭንም ለማይክሮሶፍት ይከፍላል። ታዲያ ለአንድ ማሽን ሁለት ጊዜ የሚከፍል ማን አለ? አሠራሩ በ1994 ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በተደረሰ ስምምነት ቀረ፤ ገበያው ግን ያኔ ተይዞ አልቋል።

ከዚያ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በነጻ መጣ። (የመጀመሪያው ኮድ ስፓይግላስ ከሚባል ትንሽ ኩባንያ በፈቃድ የተወሰደ ነበር። ምርቱ በነጻ ሲታደል ስፓይግላስ የሚጠብቀው ድርሻ ጠፋ፤ ጭቅጭቁ በ8 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ።) በነጻ መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ተጠቃሚውም አልከፋውም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። በ1996 ኮምፓክ የኤክስፕሎረርን ምልክት ከስክሪኑ ሲያነሳ፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ፈቃድህን እሰርዛለሁ አለው። ያለ ዊንዶውስ ኮምፒውተር መሸጥ ለኮምፓክ ሱቅ መዝጋት ነው። ምልክቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

መንግሥት በሜይ 1998 ክስ መሠረተ። ጌትስ በቪዲዮ በሰጠው ቃል ደጋግሞ "አላስታውስም" ሲል፣ ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን ሳይቀሩ ሲስቁ ታይተዋል። በጁን 2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል አዘዙ። በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማይክሮሶፍት ሞኖፖሊውን በሕገ ወጥ መንገድ ማስጠበቁን አጸና፤ የመክፈሉን ትእዛዝ ግን ሻረው። ዳኛው ችሎቱ ሳያልቅ ለጋዜጠኞች መናገራቸው ለከሳሹ ወገን ትልቅ ኪሳራ ሆነ።

ኔትስኬፕ ፍርዱን ቆሞ አልጠበቀም። ክሱ በተመሠረተ በስድስት ወሩ፣ ለኤኦኤል ሊሸጥ ተስማማ።

ጉግል የተመሠረተውም በዚያው በ1998 ነው። በኦገስት 2024 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ በፍለጋ ገበያው ላይ ሞኖፖሊውን በሕገ ወጥ መንገድ አስጠብቋል ብለው ፈረዱበት። ጉግል በስልኮችና በብሮውዘሮች ላይ ቀድሞ የተቀመጠ መፈለጊያ ለመሆን በ2021 ብቻ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ነበር።