ማዕበል የሚጋለብበት ስፍራ በሃዋይ ደሴቶች

ዛሬ የዕረፍት ጊዜውን በሞቃታማ ደሴት ለማሳለፍ የሚሄድ መንገደኛ፣ የሰርፊንግ ሳንቃውን በብብቱ ይዞ ከባሕር ዳር ሲደርስ «መልካሙ ሞገድ በየትኛው ወገን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ይህ ጥያቄ ግን የሽርሽር ሰው ያመጣው አዲስ ነገር ሳይሆን፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በሃዋይ ደሴቶች መሳፍንቱና ካህናቱ፣ ዓሣ አጥማጁና ሕፃኑ ሳይቀር ከብዙ ትውልድ በፊት የመለሱት፣ መልሱንም በስም፣ በጸሎትና በሕግ ያጸኑት ጥንታዊ ጥያቄ ነው።

የስፍራው መልካምነት ከምድሩ አፈጣጠር ይጀምራል። ደሴቶቹ በእሳተ ገሞራ ኀይል ከውቅያኖስ ወለል የተነሡ ተራሮች ስለ ሆኑ፣ እንደ አህጉራት ጠረፋቸውን የሚከብ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የባሕር ወለል የላቸውም፤ ስለዚህ በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ተጕዞ የመጣው ማዕበል ጕልበቱ በመንገድ ብዙ ሳይደክም ይደርስና፣ ከኮራሉ ድንጋይ ጋራ በተገናኘ ጊዜ የታችኛው ውሃ ሲዘገይ የላይኛው ወደ ፊት ተደፍቶ ይሰበራል። ከኅዳር እስከ የካቲት በሰሜን ፓሲፊክ የሚነሣው ዐውሎ ነፋስ የኦአሁን ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ ሲያናውጥ፣ በደቡብ ያለው ዋይኪኪ ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ግን፣ ከምድር ወገብ ማዶ ብርዱ ሲበረታ፣ ሞገዱ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ዋይኪኪ ይመጣል።

የጎጃም ገበሬ እያንዳንዷን ማሳ በስሟ እንደሚጠራ፣ የአገሩ ተወላጆችም ሞገድ የሚሰበርበትን ስፍራ ሁሉ በየስሙ ይጠሩት ነበር፤ በዋይኪኪ የሚገኘው ካሌሁአዌሄ የተባለው ሞገድም ለመኳንንት የተለየ እንደ ነበረ ትውፊቱ ይነግረናል። ሳንቃው ራሱ መዓርግ ነበረው፤ ከቀላሉ ከዊሊዊሊ ዛፍ የሚጠረበው ኦሎ የተባለው ረጅሙ ሳንቃ የአለቆች ድርሻ ሲሆን፣ አላያ የተባለው ስሱና አጭሩ ግን ለሁሉ የተፈቀደ ነበር። በትልቁ ደሴት፣ ካሃሉኡ በተባለው የባሕር ዳር፣ ኩኤማኑ የሚባል ከጥቍር ድንጋይ የተካበ ቤተ ጣዖት ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በዚያ ስለ መልካም ሞገድ ይጸለይ ነበር፤ ባሕሩም ዝም ባለ ጊዜ በአሸዋው ላይ የሚሳበውን ሐረግ እየነቀሉ ውሃውን በመምታት ማዕበሉን ይጠሩት ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን፣ ወንድና ሴት በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ አጥብቆ የሚከለክለው ካፑ የተባለው ሕግ በጸናበት ዘመን፣ ወንዱም ሴቱም በአንድ ባሕር አብረው ማዕበል መጋለባቸው ነው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1778 ካፒቴን ኩክ በመርከቦቹ ወደ ደሴቶቹ ደረሰ፤ በማግሥቱም ዓመት መኰንኑ ጄምስ ኪንግ በኬአላኬኩአ ወሽመጥ የአገሩ ሰዎች በሳንቃ ላይ ተኝተው ከታላቁ ማዕበል ጋራ ወደ ጠረፍ ሲወረወሩ አይቶ በመደነቅ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን የሐዘን ዘመን ነው። በ1820 የገቡት የአሜሪካ ሚሲዮናውያን መሪ ሂራም ቢንግሃም ጨዋታው የቀነሰው ጨዋነት፣ ሥራና ሃይማኖት ስለ በዙ ነው ብሎ በመጽሐፉ አስረድቷል፤ ብዙዎችም በተቃራኒው ጥፋቱን ሁሉ በሚሲዮናውያኑ ላይ ይጥላሉ። የሚሲዮናውያኑ ተግሣጽ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ከመርከብ የወረደው በሽታ ነው፤ በመቶ ሺዎች ይገመት የነበረው የተወላጁ ሕዝብ ቍጥር በ1890 ወደ 40,000 ገደማ ወርዶ ተገኘና፣ የሞገዱን ስም የሚያውቀው ሽማግሌ ለልጅ ልጁ ሳያስተምር ወደ መቃብር ወረደ።

ቢሆንም ዕውቀቱ ፈጽሞ አልጠፋም። በ1885 ሦስት የሃዋይ መሳፍንት ልጆች ለትምህርት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በሳንታ ክሩዝ ከተማ ወንዙ ከባሕር በሚገባበት ስፍራ ሳንቃ አስጠርበው ማዕበል ጋለቡ፤ የባዕድ አገር ጠረፍ አይተው መልካሙን ስፍራ መለየታቸው የአባቶቻቸው ዐይን ከእነርሱ ጋራ እንደ ነበረ ይመሰክራል። በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋኗ ተነሥታ በ1898 አገሩ ወደ አሜሪካ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላም የዋይኪኪ ልጆች ባሕሩን አልተዉትም። ከእነርሱ አንዱ፣ በ1890 የተወለደው ዱክ ካሃናሞኩ፣ በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ዋና ወርቅ አግኝቶ ስሙ በዓለም በታወቀ ጊዜ፣ ወደ አውስትራሊያ ተጕዞ በሲድኒ አጠገብ በፍሬሽዋተር ጠረፍ በገዛ እጁ የጠረበውን ሳንቃ ይዞ በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ ጥበቡን ለሕዝብ አሳየ፤ ያ ሳንቃ እስከ ዛሬ በዚያው ተጠብቆ ይገኛል። ሰርፊንግ በቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሲሆንም የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው የሆኖሉሉ ተወላጅዋ ካሪሳ ሙር ናት።

እንግዲህ ወደዚያ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ስፍራ አገኘሁ ከማለትህ በፊት የስፍራውን ስም የአገሩን ሰው ጠይቅ፤ ባሕሩን ለይተህ እስክታውቅ ድረስ በዋይኪኪ ተማር፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን የሰሜኑን ጠረፍ ማዕበል ለሠለጠኑት ትተህ ከዳር ቆመህ ተመልከት።